ዳኩ ገና አልተከፈተም

ለቤታቸው ዳክ የሚመርጡ ሰዎችን ሳላመሰግን ብሞት ጸጸቱ መቃብር ድረስ ይከተለኛል።

ዳክን ለማያውቅ፦ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ዘፈን ቁጥር ነው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያነብም። የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ሲገፋው መንቀጥቀጥ ነው። መሀል ገብቶ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ዳክ ይባላል። ዘፈን የሚያጫውት ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ ይኸው ነገር አለው፤ አንዳንዱ ከጥፍር ያነሰ ነው። ተራ ሰው በዚያ ረክቶ ይኖራል። የኔ ጀግኖች ግን ለብቻው በሳጥን የተቀመጠ፣ ሰማያዊ መብራት ያለው፣ ሲያነሱት የሚከብድ ዳክ ይፈልጋሉ። ክብደቱ ዋና ነገር ነው። በአንድ እጅ የሚነሳ ዳክ ምን ቁም ነገር ይናገራል?

እርግጥ ሌላ ዓይነት ሰውም አለ። ማውዙን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ከስፒከሩ ጭርጭር የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ዳኩን ከኮምፒውተሩ ሆድ አውጥቶ ውጭ ሲያስቀምጠው ይድናል። ኮምፒውተሩ ሲሰካ እምምም የሚል ጉርምርምታ ከመጣበትም ድምፁን በብርሃን በሚልክ ኦፕቲካል ኬብል ያገናኘዋል፤ ብርሃን የኤሌክትሪክ ጣጣ አያሻግርምና። ችግሩን አወቀ፣ መፍትሄውን ገዛ፣ ዘፈኑን ሰማ፣ አለቀ። ድርቅ ያለ ሰው ነው። እንለፈው።

ጀግናው የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ሲወጣ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም በ16 የ0 ወይም የ1 አሃዝ፣ የሚይዝ ነበር። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 20,000 ንዝረት፣ ይሰማል፣ ሞገዱን ሳያጎድሉ ለመመለስ ደግሞ ከእጥፉ በላይ መለካት ይበቃል። 20,000ውም የወጣት ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ከላይ ከላይ እየተሸረፈ ይሄዳል። ጀግናችን ግን ጠጉሩ ሸብቶም 768 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 768,000 ልኬት፣ የሚል ካላየ አይገዛም። ይህ ማለት እስከ 384,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይይዛል ማለት ነው። የሌሊት ወፍ እንኳ እዚያ አትደርስም። እሱ ግን ምናልባት ብትመጣ ብሎ ቦታ ይዞላታል። ደግነት ይሉሃል እንዲህ ነው።

ቢቱም እንደዚያው። 16 ቢት በጣም ዝቅ ባለውና በጣም ከፍ ባለው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ርቀት ይሰጣል፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። እሱ 32 ቢት ይላል። ጸጥ ያለ የሚባል ክፍል ራሱ 30 ዴሲቤል ገደማ ጫጫታ አለው፣ ያውም ፍሪጁ ሳይነሳ። የዳኩ ጸጥታ እንግዲህ ከፍሪጁ ሥር ተቀብሮ ይኖራል። እዚያ መኖሩን ማወቅ ግን ልብ ያሳርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ ታትሞ ነበር። ከሲዲ የላቀ ጥራት ያለውን ቅጂ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በሲዲ ልክ አሳልፈው ለአድማጮች አሰሙ። የቱ የቱ እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። ከ554 መልስ ትክክል የሆነው 276 ነበር። ሳንቲም ወርውረው ቢገምቱም ያው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት የተረጋገጠ የመሰለው ካለ፣ ጀግናችንን አያውቀውም። ይህን ስነግረው በሐዘኔታ ፈገግ ይላል። «ዓይን ተሸፍኖ ሲሰማ ጆሮ ይጨናነቃል» ይላል። ልክ ነው። ዓይኑ ከተሸፈነ ዋጋውን በምን ይሰማዋል?

ሲያወዳድርማ ማየት ነው። ተራው ዳክ ብዙውን ጊዜ 2 ቮልት ያወጣል። ባላንስድ የሚባለው፣ ድምፁን በሁለት ተቃራኒ ሽቦ የሚልክ መውጫ ያለው ትልቁ 4 ቮልት። እጥፍ ቮልት 6 ዴሲቤል ጭማሪ ነው፣ ማንም ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል። ጀግናው ቮልዩሙን ሳይነካ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ይሰካና «መጋረጃው ተነሳ!» ይላል። ተነሳ እንጂ። ቮልዩሙን በጣት ቢያዞሩትም ይነሳ ነበር፤ ግን ያኔ ማን ምን ብሎ ያወራዋል? ስፒከሩን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ማራቅም ከአንድ ዳክ ወደ ሌላ ዳክ ከመሄድ ይልቅ ድምፁን ይቀይረዋል። ችግሩ በነጻ መሆኑ ነው። በነጻ የመጣ ለውጥ ጆሮ አይገባም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ትዕግሥታቸውን ነው። አዲስ ዳክ በመጣበት ቀን ድምፁ «አይከፈትም»፣ የሚያምረው ሲቆይ ነው ይላሉ። 200 ሰዓት መጫወት አለበት፣ ጨዋ ከሆነ 500። 500 ሰዓት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ 20 ቀን ከ20 ሰዓት ነው። ለሻጩ የመመለሻው ጊዜ 14 ቀን ከሆነ እንግዲህ ዳኩ የሚከፈተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በቀደም አንድ ወዳጄ ሦስተኛ ዳኩን ላሰማህ ብሎ ጠራኝ። የቀደሙትን ሁለቱን ቤዝ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የላቸውም ብሎ አባሯቸዋል። «ይሄም ገና ነው» አለኝ፣ «140 ሰዓት ላይ ነን።» መሀል ላይ ያለችው ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ዘፋኟ በግራ አለች፣ በቀኝ አለች፣ ጣሪያው ላይም ያለች ይመስላል፤ ፊት ለፊት ብቻ የለችም። ቤዝ ጊታሩ ሌላ ቤት የሚጫወት ነው የሚመስለው።

«ስፋቱን አየኸው?» አለኝ።

«ኧረ ሰፊ ነው» አልኩት።

ስልኩ ጮኸና እያወራ ወጣ። እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም፣ ከስፒከሮቹ ጀርባ ሄድኩ። ኬብሉ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ያክላል። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ላይ ቀዩ ሽቦ ጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩ ቀዩ ቦታ ገብቷል። አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ቤዙ መንገድ ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለት ዳክ ያለ ጥፋታቸው የተባረሩት በዚህች ሽቦ ነው። አምፕሊፋየሩን አጠፋሁ፣ ፈታሁ፣ አዟዟርኩ፣ አጠበቅኩ፣ አበራሁ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ወዳጄ በሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ዘፋኟ ሁለቱ ስፒከሮች መሀል ቆማለች። ቤዙ ወለሉን ይደበድበዋል።

«ተከፈተ!» ብሎ ጮኸ። ሰዓቱን አየ። «በ140! አየህ፣ አዲሱ የዩኤስቢ ኬብል ነው ያፈጠነው!»

«እሱ ይሆናል» አልኩ።

«ሌላ ምን ይሆናል?» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ትንሽ ከሰማ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «በ140 እንዲህ ከሆነ በ500 ምን ሊሆን ነው?»

«ሲሞላ ደውልልኝ» አልኩት።