ፈረስ ኤፍ7¡

ትናንት ማታ ከቼዝ ጨዋታዬ አስራ ሰባተኛ እርምጃ ላይ ሁለት ቃለ አጋኖ፣ ማለትም «ድንቅ እርምጃ» የሚለውን ምልክት፣ አስቀምጬ ተኛሁ። በቀይ እስክሪብቶ። ፈረሴን ኤፍ7 ላይ፣ ከንጉሡ አፍንጫ ሥር፣ ወስጄ ገትሬዋለሁ። ተጋጣሚዬ ደንግጦ ንግሥቱን አሸሸ፤ ከስምንት እርምጃ በኋላ እጁን ሰጠ። እንዲህ ያለ እርምጃ በዓመት አንዴም አይመጣልኝ፤ እንቅልፌ ጣፋጭ ነበር።

ጠዋት ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጨዋታውን ስቶክፊሽ ለሚባለው የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጠሁት። ሴኮንድ አልፈጀበትም። ከፈረሱ በፊት 0.8 እየመራሁ ነበር፤ ከፈረሱ በኋላ −2.3፣ ማለትም ከሁለት ወታደር በላይ ዕዳ። ምክንያቱ? ንጉሡ ፈረሱን ይበላዋል። በቃ። ሁለቱ ቃለ አጋኖዬ ሁለት የጥያቄ ምልክት፣ ማለትም «ከባድ ስህተት»፣ ሆኑ። «አሸንፌያለሁ እኮ!» ብዬ ስክሪኑ ላይ ጮኽኩ። ስክሪን ግን ይሉኝታ የለውም።

ነገሩ አናዶኝ የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ምስክሩም እኔ የሆንኩባቸው ደብተሮች ናቸው። ያሸነፍኩበት ገጽ ላይ ቃለ አጋኖው እንደ በረዶ ወርዷል። የተሸነፍኩበት ላይ ደግሞ ምልክት የለም፤ ጽሑፍ ነው ያለው፦ «ሰዓት አጥሮኝ»፣ «ከኋላዬ ሰው ሲያስል»፣ «ወንበሩ»። ወንበሩ! የአብዬን እከክ እምዬ ላይ ልክክ ይሉሃል ይሄ ነው።

አብዝቼ የተጠቀምኩት ግን «!?» የሚለውን ነው። መጻሕፍቱ «ትኩረት የሚስብ እርምጃ» ይሉታል። በእኔ ደብተር ትርጉሙ «ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ወድጄዋለሁ» ነው። እዚህ ላይ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል። ከተረት ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ በሬው ላይ ግን ግፍ ተሠርቷል ባይ ነኝ። ሁሉም ስለ ገደሉ ያወራል፤ ሣሩ ምን ያህል ለምለም እንደነበር የጠየቀ አንድ ሰው የለም። በሬው ራሱ ደብተር ቢኖረው «!?» ብሎ ነበር የሚያልፈው።

ደግሞስ የማይሳሳት ማን አለ? ሩሲያዊው ቭላድሚር ክራምኒክስ? እ.ኤ.አ. በ2006 ቦን ውስጥ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለው የቼዝ ፕሮግራም ጋር በገጠመበት ሁለተኛ ጨዋታ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ34ኛው እርምጃ ንግሥቱን ኢ3 ላይ አሳረፈ። ኮምፒውተሩ የራሱን ንግሥት ኤች7 ላይ አስቀመጠና ማት፤ ንጉሡ ማምለጫ አጣ። በአንድ እርምጃ! ሰውየው በኋላ ሲጠየቅ ስሌቱን ደጋግሜ አይቼው ነበር አለ። ይህን ታሪክ በተሸነፍኩ ቁጥር ለራሴ እተርከዋለሁ፤ ስለዚህ በቃሌ ነው የምይዘው።

ከደብተሮቹ አንዱ ላይ ሦስት የጥያቄ ምልክት የተደረደረበት እርምጃ አለ። ሦስት የሚባል ምልክት በቼዝ የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ተጋጣሚዬ ጳጳሱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ አየር ላይ ይዞት፣ ንግሥቱ እንደምትበላበት ሲገባው መልሶ አስቀመጠና «ዣዱብ» አለ። ላስተካክል ነው ማለቱ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የነካ ያንቀሳቅሳል፣ ማስተካከል የፈለገ ከመንካቱ በፊት ይናገራል። ዳኛው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰውየው ፈገግ ብሎ ሌላ እርምጃ ሄደ፣ አሸነፈኝም። ዛሬ ጠዋት ያቺንም እርምጃ ለስቶክፊሽ ሰጠሁለት። በዚያ ቦታ ከነበሩት ሁሉ ምርጧ እሷ ናት አለኝ። እርምጃዋ ትሁን፤ የጥያቄ ምልክቶቹ ግን ከሰውየው ላይ አይነሡም።

ግራንድማስተር ጆን ነን በጨዋታ መጨረሻ ትንተናዎቹ የተከተለው ሕግ ይሻላል መሰለኝ። የቼዝ ውጤት ሦስት ነው፤ ማሸነፍ፣ አቻ፣ መሸነፍ። እርምጃህ ውጤቱን ካበላሸ «?»፤ ውጤቱን የሚያድነው ብቸኛ እርምጃ ከሆነ «!»። ውበት፣ ድፍረት፣ ቀይ እስክሪብቶ ቦታ የላቸውም። መጀመሪያ ሳነበው ደረቅ ሕግ ነው ብዬ ነበር። ቆይቶ ነው ቀዳዳው የታየኝ፤ አንዴ መሸነፍህ ከተረጋገጠ ወዲያ ልትሳሳት አትችልም! ምን ብትሠራ የምታበላሸው ውጤት የለም። በዚህ ሒሳብ ብዙዎቹ ጨዋታዎቼ ከአስራ አምስተኛው እርምጃ በኋላ እንከን የላቸውም።

ስድስቱ የቼዝ ምልክቶች (!!፣ !፣ !?፣ ?!፣ ?፣ ??) ግን አንድ ነገር ጎድሏቸዋል። እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ትእምርተ ስላቅ አለን፤ የተገለበጠው ቃለ አጋኖ፣ «¡»። ለፌዝ ነው። ሌላው ዓለም ያለ እሱ እንዴት የራሱን ጨዋታ እንደሚተነትን አይገባኝም። ቀዩን ሰርዤ በእርሳስ ጻፍኩ፦ 17. ፈረስ ኤፍ7¡

ተጋጣሚዬ ንግሥቱን ያሸሸበትስ? እሱ ላይ ሁለት የጥያቄ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ከስቶክፊሽ ጋር ተስማምተናል።