ይድረስ ለክቡር ትንሹ ትራንስፎርመር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ መሰወርዎን ይመለከታል።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። አንቱ የምልዎት በትልቅነትዎ አይደለም፤ ቁመትዎ ከቡና ሲኒ አይበልጥም። አንቱ ያስባለኝ አለመገኘትዎ ነው። ጎንደር ደግሞ የማይገኝ ሰው ይከበራል።

ነገሩን ያውቁታል፤ ግልባጭ ለሚደርሳቸው ስል ልድገመው። የቫልቭ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ፣ በእጄ ልሠራ ተነሣሁ። በአሮጌ ራዲዮ ሆድ ውስጥ ቀላ ብለው የሚበሩት፣ አምፖል መሳዮቹ፣ እነሱ ናቸው ቫልቭ። ሰው ሁሉ «ቫልቭ ከየት ታመጣለህ?» እያለ አስፈራራኝ። ቫልቭ ምን አላት! ኢኤል84ን የመሰለች ዝነኛ በዘመድ ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልላ ጎንደር ገባች። አንቱን አምጡልኝ ስል ግን ዘመድ ሁሉ ሸሸኝ። «ብረት? ባሕር ተሻግሬ ብረት ልሸከምልህ?» አለችኝ አክስቴ። ስትመለስ ሦስት ኪሎ በርበሬና ሁለት ኪሎ ሽሮ ስትጭን ግን ሚዛኑ ትዝም አላላት።

ፒያሳ ወጣሁ። «ትንሽ ትራንስፎርመር አለህ?» ስለው የሱቁ ልጅ በበሩ አሻግሮ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን አሳየኝ። ከዚያ ያነሰ ነው የምፈልገው አልኩት። ቻርጀር ሰጠኝ። በእጄ መዘን ባደርገው ላባ ነው። የዘንድሮ ቻርጀር ኮረንቲውን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚሠራ ጣት የምታህል ትራንስፎርመር ትበቃዋለች። ለስልክ ይሁን። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

የአንቱ ሥራ ሽምግልና ነው። ቫልቭ ኩሩ ናት፤ 5,000 ኦም አካባቢ ካልቀረበላት አትናገርም፤ ኦም ኮረንቲ የሚገጥመው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ስፒከሩ ያለው 8 ኦም ብቻ ነው። አንቱ በእሷ በኩል 25 ዙር፣ በእሱ በኩል 1 ዙር በሆነ ሒሳብ ጠምጥመው ያስማሟቸዋል፤ 25 በራሱ ተባዝቶ በ8 ኦም ሲባዛ 5,000 ይመጣልና። ሽማግሌ በሌለበት ቢጋቡ የሚሰማው ሹክሹክታ ነው።

«አስጠምጥም» አሉኝ። ወደ አዘዞ ዲናሞ ከሚጠመጥም ሰው ዘንድ ሄድኩ። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ዙሩም በሺዎች መሆኑን ሲሰማ «ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው የወፍጮ ሞተር ነው» ብሎ ሻይ ጋብዞ ሸኘኝ። በ44ቱ ታቦት ከተማ፣ በየደብሩ ጥምጣም የሚያሳምር ካህን ሞልቶ፣ አንቱን የሚጠመጥም አንድ ሰው ይጥፋ?

በመጨረሻ አገኘሁዎት። ቅዳሜ ገበያ፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ዘንድ። አገኘሁዎት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የደረስኩት ለቀብር ነው። አንድ ልጅ ከአሮጌ ራዲዮ አውልቆ በመዶሻ ይወቅጥዎታል። ማበጠሪያ የመሰሉት ባለ ሦስት ጥርስ ቆርቆሮዎችዎ መሬት ላይ ተበትነዋል። ቢጫው ወረቀትዎ ተቀዷል። መዳብዎ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ፌስታል ውስጥ ገብቷል።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«መዳቡ ነው ብረቱ?» አለኝ።

እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ፣ ምትክ አምጥቻለሁ። ከተጣለ የድሮ አዳፕተር ውስጥ 220 ቮልትን ወደ 9 የሚያወርድ፣ ብረቱ ከበድ ያለ አንድ ትራንስፎርመር አገኘሁ። 220ን ለ9 ያካፍሉት፤ 24 ከምናምን ነው። ያንን በራሱ አባዝተው በ8 ኦም ቢያበዙት 4,800 ገደማ ይመጣል። ለቫልቭዋ ይበቃታል። ግን ለዚህ ሥራ አልተፈጠረማ! የቫልቭዋ ኮረንቲ ባንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ሲያልፍበት ብረቱ በማግኔት ይጠግባል፤ ሲጠግብ ባሱን ይውጠዋል። ስለዚህ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ባለ ጥርሶቹን ባንድ ወገን፣ ቀጥ ያሉትን በሌላ ወገን ደረደርኩና መሀላቸው ቁራጭ ወረቀት ሸጎጥኩ። ጥጋበኛን በወረቀት ማስታገስ የቀበሌ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቫልቭዋን የሚመግበውን የኃይል ነገር በሁለት ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመሮች አለፍኩት። አፍ ላፍ ገጠምኳቸው፤ አንዱ 220ን ያወርዳል፣ ሌላው መልሶ ይሰቅላል። ጎረቤቴ ስቆ ሊሞት ነበር። ከግድግዳው ኮረንቲ የሚለዩኝ እነሱ መሆናቸውን ብነግረውም መሳቁን አልተወም።

ትናንት ማታ ሰካሁት። ቫልቭዋ ቀስ ብላ ቀላች። መጀመሪያ የመጣው ማጉረምረም ነበር፤ ትራንስፎርመሮቹን አራርቄ አንዱን ወደ ጎን ባዞረው ቀነስ አለ። ከዚያ መሰንቆው መጣ። እውነቴን ነው፣ ፀጉር ያቆማል። ክራሩም አይከፋም። ከበሮው ግን የሦስተኛ ሰፈር ሠርግ ይመስላል።

ከበሮው ዘንድ አንቱ ያስፈልጉኛል። ባሉበት ሆነው ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ፣ ቢያንስ የየትኛው ራዲዮ ሆድ ውስጥ እንዳሉ ያስታውቁኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአክስቴ፣ በርበሬው ሲያልቅባት
መዶሻ ለያዘው ልጅ፣ በአስቸኳይ