ፋይሉ አልተበላሸም

በቀደም አንድ ወጣት ፕሮግራመር ደወለልኝ። መሥሪያ ቤቱ የድሮ ሰነዶቹን ወደ ዳታቤዝ እንዲያስገባ ሰጥቶታል። "ጋሼ፣ ፋይሎቹ ተበላሽተዋል" አለኝ። ሄጄ አየሁት። ስክሪኑ በላቲን ፊደልና በምልክት ጋጋታ ተሞልቷል። ፋይሉ ግን ምንም አልሆነም። በድሮ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ነው።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ በጃቫስክሪፕት አይታማም። አማርኛ ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደገባ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። እሱም ጠይቆ አያውቅም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አስኪ የሚባለው የፊደል ሰንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። በኋላ ቦታው 256 ሲሆንም ለእኛ ጠበበ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ የያኔዎቹ ባለሙያዎች የእኛን ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ችግሩ ሁሉም በየራሱ ተራ ነው ያስቀመጠው። ፊደሉን ለሁለት ፎንት የከፈለም ነበር። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቁ የሚወጣው ለዚህ ነው። ፊደላችን ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም፣ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ዓመታት ለፍተውበታል።

"ታዲያ ይሄ ለዛሬ ሥራዬ ምን ያደርግልኛል?" የሚል አይጠፋም። እሺ። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የዩኒኮድ ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጡበትን ዘዴ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ኬን ቶምፕሰን የነደፈው በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ከባልደረባው ከሮብ ፓይክ ጋር ራት ሲበሉ፣ ሳህን ሥር የሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነው። አስኪ እንዳለ እንዲቀጥል ስለተፈለገ የእንግሊዝኛው ፊደል በአንድ ባይት (በአንዲት የኮምፒውተር ማስቀመጫ ቦታ) ቀረ። የእኛው ሦስት ይወስዳል። አሁን አንዱ ፕሮግራመር "ለስም 30 ባይት መች አነሰ" ብሎ መደበ እንበል። ኃይለሚካኤል ወልደገብርኤል የሚባል ደንበኛ መጣ። ስሙ 46 ባይት ነው። "ኃይለሚካኤል ወል" ላይ ይቆረጥና ጭራው ላይ የጥያቄ ምልክት ይንጠለጠልበታል። በላቲን ቢጻፍ ኖሮ ተርፎት ይገባ ነበር። ፕሮግራመሩ "ስሙ ረዝሞ ነው" ይላል! አጭር የጽሑፍ መልእክትም ያው ነው፤ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል፣ በአማርኛ 70።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከአሮጌ ፍላሽ ፎንቱን ፈልጌ ጫንኩለት። ጋጋታው ባንድ አፍታ የ1980ዎቹ ቃለ ጉባኤ ሆነ። ሳቀ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "ጋሼ፣ አራት ነጥቧን ግን የት ነው የደበቋት?" አለኝ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።