ጋሼ ሳህኑን አስቀምጦ የወጣ ዕለት

ሜይ 2022 መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። እህቴ ጓሮ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ የልጇን ምርቃት እያከበርን ነበር። ዶሮው ቀርቧል። ልጆቹ ኳስ ያባርራሉ። ድንገት አንዱ ስልኩን እያየ «የእነዚያን ልጆች ፎቶ አያችሁ?» አለ።

«የትኞቹን?» ብሎ የጠየቀ የለም። ማክሰኞ ዕለት ነበር ቴክሳስ ውስጥ፣ ዩቫልዲ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ 19 ሕጻናትና 2 መምህራን የገደለው። ሁለት ጠመንጃ የገዛው 18 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ ነው። ከሱቅ፣ በሕጋዊ መንገድ።

ጋሼ ከዳላስ ነበር የመጣው። የአክስቴ የበኩር ልጅ ነው፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። «መሣሪያው ምን አጠፋ? ያበደው ሰውየው ነው» አለ።

እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ያን ሳምንት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ደሜ ፈላ። «ሁሉንም ትጥቅ ማስፈታት ነው የሚያዋጣው» አልኩ። ጋሼ ሊመልስ ሲል አላስጨረስኩትም። «እንዳንተ ዓይነቱ ሰው ነው እነዚያን ልጆች ያስገደላቸው!»

ድንኳኑ ውስጥ ጸጥ አለ። ጋሼ ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። እንጀራው ገና አልተነካም። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር አልተነጋገርንም።

ይህን የምጽፈው አቋሜን ስለቀየርኩ አይደለም። አሁንም ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማንነቱ ይጣራ ባይ ነኝ። ለጦር ሜዳ የሚመጥን ጠመንጃ በ18 ዓመት ልጅ እጅ መግባት የለበትም ባይ ነኝ። ስለ ጽንስም ከተነሳ፣ ውሳኔው የሴቷና የሐኪሟ ነው ብዬ አምናለሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህን ስል ነገሩ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። የተቀየረው ከማይስማማኝ ሰው ጋር የምነጋገርበት መንገድ ነው።

በገና ዕለት፣ ጃንዋሪ 2023፣ ደወልኩለት። እንኳን አደረሰህ አልኩት። እንኳን አብሮ አደረሰን አለ፤ ድምፁ ቀዝቃዛ ነው። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ክፉ ተናግሬሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።» ዝም አለ። ከዚያ ያን ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩት። «መሣሪያ መጀመሪያ የገዛኸው ምን አጋጥሞህ ነው?»

ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ሰው ነው። ጠይቄው አላውቅም ነበር።

አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችው። ሌሊት ላይ ብቻውን ሒሳብ ሲዘጋ ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ልጆች ገቡ። አንዱ ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ደቀነ። ገንዘቡን ሰጣቸው፤ የጋብቻ ቀለበቱን ጭምር። ከሄዱ በኋላ ፖሊስ እስኪመጣ ከባንኮኒው ሥር ተንበርክኮ ይቆጥር ነበር። ምን እንደሚቆጥር አያውቅም፤ ብቻ ይቆጥራል። ሳይረኑን ሲሰማ 340 ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወደ ልጅነቱ ወሰደኝ። ወደ ጎጃም። አባቱ ምንሽር ነበራቸው። በደርግ ጊዜ አስረክቡ ሲባሉ አስረከቡ። ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ሽፍታ መጥቶ በሬዎቻቸውን ነዳ። «አባዬ በረቱ በር ላይ ቆመው ባዶ እጃቸውን ያዩ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ» አለኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ አንድ ነገር በራልኝ። እኔ «ትጥቅ ማስፈታት» ያልኩት እንግሊዝኛውን ዜና ሰምቼ ነው። አማርኛ ያቀበለኝን ቃል አንስቼ ወረወርኩ። ጋሼ ግን ያን ቃል ሲሰማ የሚታየው የአባቱ በረት ነው። «የመሣሪያ ቁጥጥር» ብለው ኖሮም ያው ነው፤ ለእሱ ትውልድ ቁጥጥር ማለት ቀበሌ ነው። እኔ ስለ ቴክሳስ ሕግ አወራለሁ፣ እሱ ስለ ጎጃም ሌሊት ይሰማል። እንዲህ ሆነን ነው ስንጯጯህ የኖርነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ቃላት ተውናቸው። «ማን ይግዛ? እንዴት ይቀመጥ?» እያልን እናወራለን። ቃሉ ሲቀየር ነገሩም ቀለለ። ጋሼ ሱቁ ውስጥ ቢራ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ነው፤ መታወቂያ ሳያይ አይሸጥም። የዩቫልዲው ልጅ ቢራ መግዛት የማይችልበት ዕድሜ ላይ ሆኖ ያን ጠመንጃ መግዛቱን ሳነሳለት «እሱስ ልክ አይደለም» አለ። ከዩቫልዲ አንድ ወር በኋላ ባይደን የፈረሙት ሕግ ገዢው ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ተጨማሪ ማጣራት እንዲደረግ ያዛል። ከሁለቱም ፓርቲ ድምፅ አግኝቶ ያለፈ ሕግ ነው። ጋሼ ይህንንም ተቀበለ። ጠመንጃው ጨርሶ ይከልከል ስል ግን አይሆንም ይላል። እዚያ ላይ አሁንም አንገናኝም።

ሌላም አለ። እኔ ስለ መሣሪያ ሲወራ ሁሌ የሚታየኝ ትምህርት ቤት ነበር። በ2021 አሜሪካ ውስጥ 48,830 ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከእነዚህ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ! ይህን ቁጥር ለጋሼ ነገርኩት። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። «ሽጉጡ የት ነው የሚያድረው?» ስል ጠየቅኩት። «ራስጌዬ፣ ኮመዲኖው ውስጥ» አለ። «ይቆለፋል?» ብዙ ዝም አለ። በሳምንቱ የካዝናውን ፎቶ ላከልኝ። ምንም ጽሑፍ የለውም፤ ፎቶ ብቻ። በሰባት ወር ኩርፊያ ያላገኘሁትን በአንድ ጥያቄ አገኘሁት።

በዚያው ሰሞን ነው የስድስት ሴቶች ታሪክ ያጋጠመኝ። ዲሴምበር 30 ቀን 1994፣ ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን ውስጥ፣ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ጽንስ የሚቋረጥባቸው ሁለት ክሊኒኮች ገባ። እንግዳ ተቀባይ የነበሩ ሁለት ሴቶችን ገደለ፣ አምስት ሰዎች አቆሰለ። ጽንስና ጠመንጃ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጎዳና ተገናኙ። ከተማው ደነገጠ። አገረ ገዢውና የካቶሊኩ ካርዲናል ሁለቱ ወገኖች ይነጋገሩ አሉ። በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ስድስት ሴቶች በምስጢር መገናኘት ጀመሩ። ሦስቱ ጽንስ ማቋረጥን ይቃወማሉ፣ ሦስቱ ይደግፋሉ። ሁሉም በየወገናቸው መሪዎች ናቸው። አጀማመራቸው ለጥቂት ጊዜ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በላይ፣ ከ150 ሰዓት በላይ ተነጋገሩ።

አንዷ ሌላዋን ለማሳመን እንዳትሞክር ተስማምተው ነው የገቡት። ገና ከመጀመሪያው የተጣሉት ግን በቃል ነው። አንደኛው ወገን «ያልተወለደ ሕጻን» ይላል። ሌላው «ጽንስ» ይላል። ሁለቱም የሌላውን ቃል መዋጥ አቃታቸው። በመጨረሻ እየጎረበጣቸው «የሰው ጽንስ» በሚል ተስማሙ። ስለ እኛ ምን ይባላል ብለውም ተነጋገሩ። ደጋፊዎቹን «ነፍሰ ገዳይ» መባል ያቆስላቸው ነበር። ተቃዋሚዎቹን ደግሞ ለሴት ግድ የሌላቸው፣ ያልተማሩ አክራሪዎች መባል። አንድ ጊዜ ግድያውን ትክክል ነው ያለ የቨርጂኒያ ሰው ወደ ቦስተን ሊመጣ ሲያቅድ፣ አትምጣ ብለው የጻፉለት የተቃዋሚዎቹ ወገን ሰዎች ናቸው። በጃንዋሪ 2001 ታሪካቸውን በቦስተን ግሎብ ላይ በጋራ ሲያወጡ፣ ከስድስቱ አንዷም አቋሟን አልቀየረችም ነበር። እንዲያውም የበለጠ ጸንተዋል። አደባባይ ላይ የሚናገሩበት ቋንቋ ግን ተለውጧል።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። ያለቀ እርቅ የለበትም። ሰው ሐሳቡን ሳይሸጥ አጠገብህ ሊቀመጥ እንደሚችል ያሳያል።

የእኛ አማርኛ ደግሞ የባሰ አለው። ጽንሱ በራሱ የወረደባትን ሴት «አስወረዳት» እንላለን። አስባበት ያደረገችውን «አስወረደች»። ልዩነቱ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ናቸው። ሐዘኑና ክሱ አንድ ግስ ውስጥ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ይህን ያስተዋልኩት ከእትዬ ጋር ቡና ስጠጣ ነው።

እትዬ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ናቸው። ስልሳን አልፈዋል፤ አሁንም አዛውንት ይንከባከባሉ። በ2024 ሜሪላንድ ጽንስን የማቋረጥ መብት በሕገ መንግሥቷ ይካተት ወይ የሚል ጥያቄ ለሕዝብ ድምፅ ልታቀርብ ስትል ወሬው ቡናው ላይ መጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 24 ቀን 2022 ጽንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ መብት ያደረገውን የ1973ቱን የሮ ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ለየግዛቱ ስለለቀቀ፣ አሁን የሚወስነው የምትኖርበት ቦታ ነው። «ሕጻን ነው፤ ስም ያልወጣለት ሕጻን ነው» አሉ እትዬ። የድሮዋ እኔ ብሆን እዚያው እፈነዳ ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ምን አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። አዲስ አበባ፣ ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ሳይሻሻል በፊት፣ በግቢያቸው አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረች። አርግዛ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ሰው ጋ ሄዳ ተመለሰች። ሌሊት ማቃሰቷን ሰምተው ሲገቡ ፍራሹ በደም ርሷል። ታክሲ እስኪገኝ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ተቆረጠ።

እንደኔ ያስባሉ ብዬ ጠበቅኩ። ለእኔ ሕጋዊና ንጹሕ ሕክምና የሚያስፈልገው ለዚህች ልጅ ነው። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፤ «ያን ሌሊት የጠፋው ሁለት ነፍስ ነው። አንቺ አንዱን ብቻ ነው የምትቆጥሪው። የእኔን በር ብታንኳኳ ኖሮ ልጁን አሳድግላት ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን ጽንስ ማቋረጥን የሚቃወም ሰው ሁሉ ለሴቷ የማያዝን ይመስለኝ ነበር። እትዬ ያን ደም በእጃቸው ጠርገዋል። እኔ አልጠረግኩም።

እሳቸውም በተራቸው ጠየቁኝ። ለእናቴ እንኳን ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ሁለተኛ ልጄን ከማርገዜ በፊት በ11 ሳምንት ወርዶብኛል። ደሙ አልቆም ብሎ ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ ወዲያው ማህፀኔን አጸዳችልኝ። ያ ሕክምና ጽንስ ለማቋረጥ የሚደረገው ያው ነው፤ መድኃኒቱም እንደዚያው። በሚከለክሉት ግዛቶች ሐኪሞች እስር ፈርተው ሴቶችን ያስጠበቁባቸው ጊዜያት አሉ። «እኔ ቴክሳስ ብሆን ኖሮ ምን እሆን ነበር?» አልኳቸው። እትዬ ይህን አያውቁም ነበር። እጄን ያዙኝ። «አስወረደሽ? ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ፤ አጥሚት እሠራልሽ አልነበር?» አሉ።

አሜሪካ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ከረጢት አስራ ትሰጥሃለች። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ቴክሳስ ውስጥ ስድስት ሳምንት ግድም ካለፈ ጽንስ ማቋረጥን የሚከለክለው ሕግና ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ የሚፈቅደው ሕግ በአንድ ቀን ነው ሥራ ላይ የዋሉት። የአንዱ ደጋፊ የሌላውም ደጋፊ ይሁን የተባለ ይመስላል። የእኔ ሰዎች ግን ከረጢቱ ውስጥ አልገባ አሉ። ጋሼ ጠመንጃውን አይሰጥም፤ ስለ ጽንስ ስጠይቀው ግን «መንግሥት ሴት ማህፀን ውስጥ ምን አስገባው?» ይላል። እትዬ ጽንስ ማቋረጥን ይቃወማሉ፤ ጠመንጃም አይወዱም። «ነፍስ ነፍስ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ለራሳቸው አንድ ወጥ ሐሳብ አላቸው። የፓርቲዎቹ ሐሳብ ግን አይደለም።

በ2024 ኖቬምበር እትዬን ይዤ ልመርጥ ሄድኩ። መኪና አይነዱም። አንዲት ጓደኛዬ «ድምፅሽን የሚሽር ሰው ጭነሽ ትወስጃለሽ?» ብላኝ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር። ብርድ ስለበረታባቸው ነጠላቸው ላይ ኮቴን ደረብኩላቸው። እሳቸው ተቃውመው፣ እኔ ደግፌ ወጣን። ከመራጩ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ደግፎት አለፈ። መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን እያሰሩ «አልደገፍኩትም። እንዳትቀየሚኝ» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እንጀራ መሸጫው ጋ አቁሚልኝ፤ ሳይዘጋ።»