ፖፕ አርት በአንድ ቁልፍ አያልቅም
«ፖፕ አርት ማለት ፎቶውን ፎቶሾፕ ውስጥ አስገብቶ ፊልተር መጫን ነው፤ ቀለም መቀባቱ ትርፍ ድካም ነው» ላልከው ወንድሜ፦ ይህን ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ሰው ይለዋል። ግን ልክ አይደለም። ፖፕ አርት የታወቁ ሰዎችንና የማስታወቂያ ምስሎችን በደማቅ ቀለም የሚሠራ የሥዕል ስልት ነው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1962 የፊልም ተዋናይቷን የማሪሊን ሞንሮን ምስሎች የሠራው ከማስታወቂያ ፎቶ ተነስቶ ነው። ፎቶው ሸራ ላይ ታተመ። ቢጫውን ጸጉርና ሰማያዊውን የዓይን ኩል የመረጠው ግን ሰውዬው ራሱ ነው።

ኮምፒውተሩም ብቻውን አይችልም። ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው ትሬሾልድ የሚባለው መሣሪያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ብቻ ያደርገዋል። ሲከፈት ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው ቁጥር 128 ላይ ነው። የእኛን ጠይም ፊት እዚያው ከተውከው አፍንጫውም ጉንጩም በጥቁር ይዋጣል። የእናትህን ፎቶ ሞክረው፤ ሹሩባዋና ግንባሯ አንድ ላይ ይጠቁራሉ። ቁጥሩን ቀስ እያልክ ዝቅ አድርገው፣ የዓይኗና የከንፈሯ መስመር ለይቶ እስኪወጣ። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ሲያነሱ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ጠዋት ጥላው ስለማይለይ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ብትታገስ ይሻላል።

ከዚያ አትመው። የወረቀቱን ጀርባ በእርሳስ አጥቁረህ ሸራው ላይ አድርገህ መስመሩን ከላይ በመከተል ገልብጥ። አክሪሊክ የሚባለውን በውኃ የሚቀጥን ቀለም ስትቀባ ከፈካው ቀለም ጀምር፤ ቢጫ ጥቁር ላይ ከተቀባ ቶሎ አይሸፍንም። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አታስነካው። ጥቁሩን በቀጭን ብሩሽ መጨረሻ ላይ ሥራው።