ከምን ትላክ?

ዛሬ ደግሞ አንዷ ጎረቤታችን አቶቴ ሰፈር መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ «እህትሽ ቤሩት ተቀምጣ ምነው ለእናቷ እንኳ ብር አትልክም?» አለችኝ። ሐዋሳ ሙሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ። በቃኝ!

ከምን ትላክ? የሊባኖስ ኢኮኖሚ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ወድቋል። ያኔ 1 ዶላር በ1,500 ሊራ ግድም ነበር የሚመነዘረው፤ ሊራው ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚባረረው ማነው? የሰው አገር ሰው! በ2020 እንደ እሷ በሰው ቤት የሚሠሩ ስንቶቹን እህቶቻችንን አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ቤሩት ያለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ? ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸው፣ ፓስፖርት የላቸው።

«ታዲያ ሌላ ቤት ትፈልጋ!» ይሉኛል። በምን ወረቀት? እዚያ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ በሚያዝበት በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ዝም ብላ ከወጣች ሕገ ወጥ ተባለች ማለት ነው። እሱንም ፈርታ አልተቀመጠችም፣ በሰው በሰው ስንቱን ሥራ ጠየቀች! መልሱ አንድ ነው፦ «እኛም የለንም»።

ትናንት ሌሊት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከኋላዋ ቧንቧ ይንጠባጠባል። መታጠቢያ ቤት ተደብቃ ነው የቀዳችው። «ሦስት ወር አልከፈሉኝም፣ እማዬ እንዳትሰማ» ትላለች በሹክሹክታ።

እናንተ ደግሞ ብር ትሉኛላችሁ!