የግርግር ውዳሴ

በጎንደር ቡና ተፈልቶ በሚጠጣበት ሳሎን ውስጥ ድክ ድክ የሚል ሕፃን የታደለ ነው። አቦሉ ሳይቀዳ ከአንዷ እጅ የሽምብራ ቆሎ፣ ከሌላዋ ለውዝ ይደርሰዋል፤ የፊት ጥርሶቹ ብቻ መብቀላቸውን ያየ እንግዳ «ይህን ያኝከዋል?» ቢል «ይልመድ እንጂ!» ይባላል። ሐኪሞች ለውዝን የመሰለ ፍሬ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሳይፈጭ አይሰጥ ማለታቸው የእኛን ፍቅር ባያውቁት ነው። እየሮጠ የሚስቀውን ልጅ ተከታትሎ የማጉረስ ጥበባችንንማ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበቡትም።

ከሁሉ በላይ የሚደነቀው ግን አስቀድሞ ያለመዘጋጀት ጽናታችን ነው። ለክርስትና ድግስ በርበሬው ቀደም ብሎ ይደለዛል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ድንኳኑ ይታዘዛል፤ «ልጁን ትን ቢለው ምን እናደርጋለን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን «በስመ አብ! ክፉ አታውራ!» ተብሎ ይታረማል። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተባት ከተማ እየኖሩ እንዲህ ያለ ዕውቀት ከሳሎን ደጃፍ እንዳያልፍ መጠበቅ ቀላል ተጋድሎ አይደለም።

ፍሬዋ የአየር ቧንቧውን ዘግታ ልጁ ድምፅ ማሰማት ሲያቅተውና ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ያን ጊዜ ነው መተባበራችን የሚታየው። አንዷ አናቱን እፍ እፍ ትላለች፤ ሁለተኛዋ መተንፈስ ባቃተው አፍ ውኃ ታንቆረቁራለች፤ ሦስተኛው የማያየውን ነገር በጣቱ ሊያወጣ ገብቶ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይወትፈዋል፤ አራተኛው በእግሮቹ አንጠልጥሎ ያራግፈዋል። የቀረነው በሩን ዘግተን እንጮኻለን። አንጎል ያለ አየር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም፣ ወደ መንገድ የወጣው አጎት ከባጃጅ ነጂው ጋር በኮንትራት ዋጋ መከራከሩን አያቋርጥም፤ ጨዋ ሰው በችግር ጊዜም ቢሆን አይታለልምና።

በመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንኛ ደረቅ ነው! ልጁ በኃይል እያሳለ ከሆነ ተዉት፣ ራሱ ያስወጣው ይላል፤ ጭራሽ ዝም ብሎ መመልከት! ማሳል ካቃተው፣ ዓመት ያልሞላውን በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ የደረቱን መካከል 5 ጊዜ መጫን፤ የእርሱን ሆድ ግን አለመንካት። ዓመት ያለፈውን ደግሞ ጀርባውን 5 ጊዜ መትቶ፣ ካልወጣ ከኋላው አቅፎ ከእምብርቱ በላይ በጭብጥ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መሳብ፤ እስኪወጣ ይህንኑ ማፈራረቅ። ራሱን ከሳተ ደረቱን እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠት ነው፤ በአፉ ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር ካልኖረ ጣት አይገባም።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ሰው ሁለት እጅ ነው። ሌላ አንድ ሰው በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጠራ እንደሆነ እንጂ፣ እፍ ለምትለዋም፣ ውኃ ለያዘችውም፣ ከባጃጅ ነጂው ጋር ለሚከራከረው አጎትም አንዲት ሥራ አይተርፍም፤ ስንት ዓመት አብሮ ቡና የጠጣን ጎረቤት እንዲህ ሥራ ፈት የሚያደርግ ትምህርት እንዴት ተደርጎ ወደ ቤት ይገባል?